ወደ እነሱ ይሂድ የተባለ ኢሜይል

እኛ አገር በር ማለፍ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ፣ ከኋላቸው የቆመ ሰው የዕለቱን ጉዳይ ቢረሳው ይሻለዋል። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «እርስዎ ቆመው? በፍጹም»፣ «እንግዲያማ ሁለታችንም እንቅር»። በኛ ባለሐይቅ ከተማ ፒያሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች እንዲህ ሲባባሉ ቢሮው ተዘግቶ፣ ዘበኛው ተቀይሮ፣ እነሱ እዚያው ነበሩ። አጋነንክ ካላችሁኝ እሺ፣ ዘበኛው አልተቀየረም። የቀረው ግን እውነት ነው።

ይህን የማነሳው በጨዋነት ለመቀለድ አይደለም። እኔም ጨዋ ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን አንገቴን ደፍቼ የምሄደው በዚሁ በጨዋነት የተነሳ ነው። ሐይቁ ዳር የአሳ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች እንኳ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ ይመስለኛል። አባ ኮዳ ደግሞ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ፤ በቀላሉ የሚጸየፍ ወፍ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የይርጋለሙን ወደ ይርጋለም ከረጢት፣ የዲላውን ወደ ዲላ። እጄ ከመፍጠኑ የተነሳ ሰውየው አድራሻውን ሳይጽፍ ደብዳቤው የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ይህን የማወራው በየካፌው ነው። ሰውም ይስቃል፣ እኔም እቀጥላለሁ። አንድ ጊዜ ጠረን ብቻ አሽትቼ የቡና ነጋዴን ደብዳቤ ከፍቅረኛ ደብዳቤ ለይቻለሁ ብያለሁ። ታዲያ ማን ያምነዋል ትሉ ይሆናል። ሐጂ ሲራጅና አቶ ማቴዎስ አመኑ።

ሐጂ ሲራጅ አዲስ ከተማ ውስጥ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም ይሸጣሉ። አቶ ማቴዎስ ፒያሳ ላይ ቢሮ አላቸው፤ ሲሚንቶና ብረት ያከፋፍላሉ። ሐጂ ሶላት ላይ ሲሆኑ ስልካቸውን የሚያነሱላቸው አቶ ማቴዎስ ናቸው። አቶ ማቴዎስ እሁድ ቸርች ሲውሉ መጋዘናቸውን ዞር ብለው የሚያዩላቸው ሐጂ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሁለቱን ቤት የሚያገናኝ አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ። ስም ለማውጣት ብቻ ስንት ሳምንት ፈጀ። ሐጂ የአቶ ማቴዎስ ስም ይቅደም ይላሉ፤ አቶ ማቴዎስ የሐጂ ይቅደም ይላሉ። በመጨረሻ የማንም ስም ሳይገባበት «ጥምር» ተባለና ተገላገልን።

እኔን የጥምር የመልእክት ኃላፊ አደረጉኝ። ፖስታ የሚያውቅ ሰው ኢሜይል አያቅተውም ብለው። እኔስ ምን አልኩ? አያቅተኝም አልኩ። ሰው በዚህ ዕድሜው ወንበርና ጠረጴዛ ሲሰጡት ያቅተኛል ይላል?

ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው ሰርቨር አላቸው። ሰርቨር ማለት ኢሜይል የሚቀበል፣ የሚያስቀምጥና የሚልክ ኮምፒውተር ነው፤ በኔ ቋንቋ አንድ ትንሽ ፖስታ ቤት ማለት ነው። የፒያሳውን የሚጠብቀው ሳሙኤል ነው፤ ቸርች የሚዘምር፣ የልጆች አባት የሆነ ረጋ ያለ ሰው። የአዲስ ከተማውን የሚጠብቀው ጀማል ነው፤ እሱም የልጆች አባት፣ እሱም ረጋ ያለ። ሁለቱ ተሰብስበው ሲቀመጡ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

መጀመሪያ ሳሙኤል አንድ ጉድ ነገረኝ። ከፒያሳ ወደ አዲስ ከተማ የሚላክ ኢሜይል ውጭ አገር ደርሶ ነው የሚመለሰው አለኝ። በባጃጅ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚደረስበት ቦታ ነው እኮ። ስለ ሁለት ካርቶን ሚስማር የተጻፈች መልእክት ያለ ፓስፖርት ባሕር ተሻግራ፣ ፈረንጅ አገር አድራ፣ አዲስ ከተማ ትገባለች። «ምን ይሻላል?» አልኩት። «በአድራሻው ውስጥ ከ‹አት› ምልክት (@) በኋላ ያለውን ስም አይተን እንለያለን» አለ። «የሐጂ ቤት ስም ከሆነ ቀጥታ ወደ ጀማል ሰርቨር፣ የኛ ቤት ከሆነ ቀጥታ ወደኔ። ውጭ አይወጣም።»

ይህማ የከረጢት ሥራ ነው። የይርጋለሙን ለይርጋለም፣ የዲላውን ለዲላ። ይህን እኔ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ አውቀዋለሁ አልኩና አጸደቅኩ። በደንብ ሠራ። እስከዚህ ድረስ ብታቆሙኝ ኖሮ ዛሬ አንገቴን አልደፋም ነበር።

ችግሩ ሦስተኛው ስም ነው። የጥምር መልእክት የማን ሰርቨር ላይ ይቀመጥ?

ሐጂ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። «አቶ ማቴዎስ ታላቄ ናቸው» አሉ። «የአዲሱ ስም መልእክት የሳቸው ቤት ይረፍ። ወደ እነሱ ይሂድ።» ባጃጅ ይዤ ፒያሳ። አቶ ማቴዎስ ደነገጡ። «ሐጂ እያሉ እኔ ቤት? ነውር አይደለም እንዴ? ወደ እነሱ ይሂድ።» ተመልሼ አዲስ ከተማ። ሐጂ ትንሽ ተቀየሙ፤ «ልመናዬን አላደረሱልኝም ማለት ነው» አሉ። ተመልሼ ፒያሳ። የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ሰልችቶት፣ ለምን ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ጭኜ አላመጣቸውም አለኝ።

ያኔ ነው ብልሃት የመጣልኝ። ምን ብልሃት አለ፤ ብልሃት መሰለኝ እንጂ። ሁለቱም ክብር መስጠት ፈልገዋል፤ የሁለቱንም ክብር ልቀበልላቸው። ለጀማል፣ በጥምር ስም የመጣውን ሁሉ ወደ ፒያሳ ላክ አልኩት። ለሳሙኤል፣ በጥምር ስም የመጣውን ሁሉ ወደ አዲስ ከተማ ላክ አልኩት። ከዚያ ለሐጂ «አቶ ማቴዎስ እሺ ብለዋል» አልኩ፤ ለአቶ ማቴዎስ «ሐጂ እሺ ብለዋል» አልኩ። ሁለቱም መረቁኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ከራሴ ጋር ፎቶ መነሳት እያማረኝ ነው።

ሳሙኤል አንድ ጊዜ «ጋሽ ተሰማ፣ ጀማል ጋ ማስቀመጫው ተዘጋጅቷል አይደል?» ብሎ ነበር። «አንተ፣ የሐጂን ቤት ልትመረምር ነው?» አልኩት። አፈረና ተወው። ጀማል ደግሞ ደውሎ ሊያጣራ ስልኩን አንስቶ፣ ሳሙኤል ያላመነው እንዳይመስለው ሰግቶ መልሶ አስቀመጠው። እንግዲህ ሁላችንም እንዲህ ዓይነት ጨዋ ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ወይንሸት ልምጣ።

ወይንሸት የሐጂ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ናት። የየትኛው ቆርቆሮ ውፍረት ምን ያህል እንደሆነ በጣቷ ነክታ ትነግራችኋለች። ተወልዳ ያደገችው፣ አሁንም የምትኖረው ቡሹሎ ነው። እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጠዋት ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ባጃጅ ለባጃጅ እየቀያየረች አዲስ ከተማ ትገባለች። ቀን ላይ ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ምሳ ሰዓት ደርሳ እናቷን አገላብጣ፣ አጉርሳ መመለስ አትችልም፤ መንገዱ አይፈቅድማ።

ታዲያ ጥምር ቡሹሎ ላይ አዲስ መጋዘን ሊከፍት ሆነ። ኃላፊ ይፈለጋል ተባለ። ከወይንሸት ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ገበያው ሁሉ ወንበሩ የሷ ነው ብሎ ጨርሷል። ሐጂም ልባቸው እሷ ጋ ነው፤ ግን አንቺ አመልክቺ ቢሏት አድልዎ ይሆንብኛል ብለው ዝም አሉ። ማስታወቂያው ላይ ማመልከቻ በጥምር ኢሜይል ብቻ ይላክ ተብሎ ተለጠፈ። ዘመናዊ እንሁን ብለው ነው።

ወይንሸት ላከች። ወዲያው ረጅም የእንግሊዝኛ መልስ መጣላት። ስልኳን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይህን ይዩልኝ እስቲ። ብዙ ተመላለሰ የሚል ነገር አለው።»

መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ረሳሁ ለማለት ደግሞ ኮራሁ። ስልኩን ራቅ አድርጌ ያዝኩት። ከፊደሉ መካከል የሁለቱ ቤት ስም ተደርድሮ ይታየኛል፤ ፒያሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ፒያሳ፣ አዲስ ከተማ፣ እስከ ታች ድረስ።

«ይህማ ማኅተም ነው» አልኳት። «በኛ ጊዜ ብዙ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበር የሚከበረው። በየደረሰበት ይመቱበታል። ያንቺን ተመልከቺ፣ የሚመታበት ቦታ አጥተው በላይ በላዩ ነው የደረቡት።»

«እና ደርሷል ማለት ነው?»

«ደርሷል ብቻ? ሁለቱም ጋ ደጋግሞ ደርሷል።»

ስልኳን ተቀበለችኝ። አንዴ አየችው፣ አንዴ እኔን አየችኝ። «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

እዚህ ላይ ደግሞ የእህቴ ልጅ ይገባል። ብሩክ ይባላል፤ ፒያሳው ቢሮ ውስጥ ይሠራል። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ብቻ ሥራ ሲያይ እንቅልፉ የሚመጣበት ዓይነት ነው። እሱም ሊያመለክት መሆኑን ነገረኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? በኢሜይል ላክ፣ ለማንኛውም ግን ወረቀቱን አትመህ አቶ ማቴዎስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ አልኩት። ተንኮል አስቤ አይደለም። ልማዴ ነው። እኔ በሰው እጅ ያላስያዝኩትን ነገር ልቤ አያምነውም። ፖስታ ቤት እየሠራሁ እንኳ ለእህቴ የምልከውን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሹፌር ነበር የምሰጠው።

ለወይንሸት ግን በእጅም ስጪ አላልኳትም። ለምን አላልኳትም? አልመጣልኝም። ለምን አልመጣልህም ብላችሁ አትግፉኝ፤ እኔም ራሴን ገፍቼ ገፍቼ እዚያች ላይ ስደርስ እመለሳለሁ።

ቀኑ ደረሰ። አንድ ማመልከቻ ብቻ ተገኘ፤ የብሩክ። ሐጂ አዘኑ። ለካ ወይንሸት ከኛ ጋ መቀጠል አትፈልግም አሉ፤ ግን አልጠየቋትም። ወይንሸት አዘነች። አንቺስ እንኳ አላሉኝም፤ ለካ ሲያመሰግኑኝ የኖሩት በአፋቸው ነው አለች፤ እሷም አልጠየቀችም። ብሩክ ተሾመ። እህቴ ደውላ እስክትታክት መረቀችኝ፤ እኔም የምን ምርቃት እንደሆነ ሳላጣራ አሜን አልኩ።

ፒያሳ የምቀመጥበት ካፌ አለ። ስገባ ሰላም የማይለኝ ሰው ሁሉ ብድግ አለልኝ። አብሮኝ ጡረታ የወጣ አንድ ወዳጄ ወንበሩን ሳበልኝና ጆሮዬ ላይ ተደፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ጥልቅ መሆንህን አላውቅም ነበር።»

«ምን አደረግኩ?»

«እሱን ለሌላ ንገረው። የልጅቷን ማመልከቻ አየር ላይ አስቁመህ የእህትህን ልጅ አሳለፍክ አሉ። እንዴት ነው የሚቆመው ግን?»

ማኪያቶዬን ወደ ጎን ገፋሁ። ዙሪያዬን አየሁ። በዚህ ከተማ በኖርኩበት ዘመን እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ደብዳቤ በትክክል ስለይ ያልተነሣልኝ ባርኔጣ፣ የሰው እንጀራ ሰረቀ ሲባል ተነሣልኝ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም፤ ለአንዲት ቅጽበት ወንበሩ ተመችቶኝ ነበር።

በባጃጅ በርሬ ጀማል ጋ ደረስኩ። ወይንሸት የላከችው የት ደረሰ አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካካና ፊቱ ተለወጠ። ሳሙኤል ጋ ደውሎ ስልኩን ጮክ አደረገው።

«ሳሚ፣ የጥምርን መልእክት የት ነው የምታስቀምጠው?»

«እኔ? ወደ አንተ ነው እንጂ የምልከው።»

«እኔ እኮ ወደ አንተ ነው የምልከው።»

ከዚያ ሳሙኤል ቀስ ብሎ «ጋሽ ተሰማ እዚያ አሉ?» አለ። እኔ በዓይኔ በሩን እየፈለግኩ ነበር።

ገብቷችኋል አይደል? ሁለቱ ሰርቨሮች በር ላይ የተገናኙ ሽማግሌዎች ሆነው ነው የከረሙት። ወይንሸት የላከችው አዲስ ከተማ ይደርሳል፤ አዲስ ከተማ፣ ፒያሳ ይቅደም ይላል። ፒያሳ ይደርሳል፤ ፒያሳ፣ ኧረ አዲስ ከተማ እያለ ይላል። ኮምፒውተር ግን እንደኛ ትዕግሥት የለውም። ተመላልሶ ተመላልሶ ሲሰለቸው፣ ይህ ነገር ብዙ ተመላለሰ ብሎ ለላኪው ይመልሰዋል። ያ ነው እኔ ማኅተም ያልኩት።

«የሷ ብቻ ነው?» አልኩ።

«በጥምር ስም የተላከ ሁሉ ነው» አለ ጀማል። አዲሱ ኩባንያ ደንበኛ አጣ እያልን ስንጸልይ ነበር የከረምነው፤ እሱም በመስጊድ፣ ሳሙኤልም በቸርች።

ሚስማር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ብሩክ ሰኞ ሥራ ሊጀምር ነው። ከፊቴ ሁለት ስም ተደቅኗል። ዝም ካልኩ ተንኮለኛ ነኝ፤ ከተናገርኩ ደንቆሮ ነኝ። ተንኮለኛ ሲሆኑ ሰው ይነሣላችኋል። ደንቆሮ ሲሆኑ ልጆች እንኳ ስልካቸውን አያሳዩዋችሁም። ዝም ማለት እንዳማረኝ አልደብቃችሁም። ግን የወይንሸት ስልክ ቀን ላይ ሲጮህ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አየዋለሁ፤ ቢሮዬ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በቃ፣ ሁለቱን ባለቤቶች፣ ወይንሸትንና ብሩክን አቶ ማቴዎስ ቢሮ አሰባሰብኳቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ተንኮል አይደለም። አላውቅም ነበር።»

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ? ደብዳቤን በጠረኑ የሚያውቁ? ራስዎን እንዲህ አያዋርዱ።»

«እውነቴን ነው ሐጂ፣ ስለ ሰርቨር የማውቀው ነገር የለም።»

አቶ ማቴዎስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእህት ልጅ እንደ ራስ ልጅ ነው። ልብ ያደላል። ሰው ነዎት። በይቅርታ እናልፈዋለን።»

ያልሠራሁትን ወንጀል ይቅር አሉኝ። አላውቅም ባልኩ ቁጥር ትሕትናዬን እያደነቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። በየካፌው የዘራሁት ወሬ ሁሉ በቅሎ ከቦኝ ቆሟል፤ ላልፈው ብል መንገድ የለም። ያዳነችኝ ወይንሸት ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ጋሽ ተሰማ ይህን ማድረግ አይችሉም። ሰው ሁሉ ተንኮል ሠሩብሽ ሲለኝ፣ ኧረ አይችሉም እያልኩ ስከራከርላቸው ነው የሰነበትኩት። ስልኩን በግልባጩ ነበር የያዙት፤ ጽሑፉ ራሱ ዞሮ ነው የተስተካከለላቸው።»

ብሩክ ሳቁን ዋጠ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ታዲያ አንቺስ እንግሊዝኛውን አላየሽውም?» አሏት።

«አይቼዋለሁ። አልደረሰም ነው የሚለው። ገብቶኛል።»

«ገብቶሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ጋሼ ደርሷል አሉኝ» አለች፣ ወደ መሬት እያየች። «አባቴ የሚሆኑ ሰው ደርሷል ሲሉኝ አልደረሰም ልበላቸው? ወረቀቱን በእጄ ባመጣው ደግሞ እሳቸውን ማዋረድ ነው የሚሆንብኝ።»

ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ። አቶ ማቴዎስ መስኮቱን አዩ። እኔ የማየው ነገር አጥቼ ጫማዬን አየሁ። ይህች ሴት የኔን ኩራት ላለመንካት ስትል የእናቷን ምሳ ሰዓት ትታልኛለች፤ እኔ ደግሞ መነጽር ረሳሁ ማለት ከብዶኝ ነው። ስድብ ብትሰድበኝ ምንኛ ባረፍኩ። እሷ ግን ቀና ብላ «አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ።

ሹመቱ ተሰረዘ። ሁለቱም እኩል ተፈተኑ። ብሩክ ሲሚንቶ እንዴት ይቀመጣል ቢሉት «በክብር» ብሎ መለሰ፤ እሺ፣ ይህኛውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ወይንሸት አለፈች። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ደርሳ፣ እናቷን አጉርሳ ትመለሳለች። እህቴ ስልኬን አታነሣም። የጥምር መልእክትም በዕጣ ሐጂ ቤት ወጣለት፤ ሐጂም ዕጣው ስለወጣላቸው አቶ ማቴዎስን ይቅርታ ሲጠይቁ ከረሙ።

እኔስ? ስሜ የጸዳ መስሎኝ ነበር። ለካ ከዚያ ቢሮ የወጣው ወሬ ሌላ ነው። ከአየር ላይ ያቆመውን ራሱ መልሶ ለቀቀው ተባለ። ከበፊቱ የባሰ ተከበርኩ።

ትናንት ባጃጅ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ትንሽ ሄደን ወደኔ ጠጋ አለ። «ጋሽ ተሰማ ነዎት አይደል? ልጄ አንድ ቦታ ሥራ አመልክቷል። ተወዳዳሪ በዝቶበታል። የሌሎቹን ማመልከቻ ትንሽ እንዲያመላልሱልን ነበር።»

ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ወይንሸት ጥግ ላይ ተቀምጣ አይችሉም ስትል ድምፅዋ ይሰማኛል። አንድ ቃል ነው የሚበቃኝ፤ አላውቅም ማለት። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። ሰውየው በአክብሮት እጁን አጣምሮ ይጠብቀኛል።

«የት መሥሪያ ቤት ነው ያልከኝ?» አልኩት።